አዲስ አበባ ላይ ቀይ ወይን መግዛት፣ ማስቀዳትና መጋበዝ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልስጥ። አገር ቤት የሚመረተው ቀይ ወይን ከጠበቅኩት በላይ አስደስቶኛል። ያናደደኝ ወይኑ ሳይሆን ከፋብሪካ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የሚያየው አበሳ ነው። ይሄን የምጽፈው ለገና ወይም ለጥምቀት ለምትገቡና «ለቤተሰብ ምን ልያዝ? ጓደኞቼን በምን ልጋብዝ?» እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው። ከሜሪላንድ ድረስ ጠርሙስ ተሸክማችሁ አትድከሙ። እዚያው አለ።

ዋጋ አልጽፍም። ብር ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሠራም። ያም ሆኖ ከውጭ በሚገባውና በአገር ውስጡ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የጣሊያን ወይም የደቡብ አፍሪካ ስም ያለበትን ጠርሙስ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንስታችሁ ዋጋውን ስታዩ፣ ማንም እንዳያያችሁ ቀስ አድርጋችሁ ትመልሱታላችሁ።

መደርደሪያው ላይ በብዛት የምታገኙት የሁለት ቤት ልጆችን ነው። አንዱ አዋሽ ነው፣ የድሮው። ጉደርና አክሱማይት የእሱ ናቸው። ጉደር ከአምቦ ማዶ ባለችው ከተማ ስም የተጠራ ቀይ ወይን ነው፤ ሠርግ ቤት፣ ምርቃት ቤት፣ የአባቶቻችን ቡፌ ውስጥ ያልነበረበት ጊዜ አላስታውስም። አክሱማይት ደግሞ ጣፋጩ ነው። በነገራችን ላይ አዋሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት እጅ ሲወጣ ከገዢዎቹ አንዱ ኤይት ማይልስ የሚባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር፣ የቦብ ጌልዶፍ እጅ ያለበት ማለት ነው። አዎ፣ በ77ቱ ድርቅ ስሙን የሰማነው ዘፋኙ ጌልዶፍ። የዓለም ነገር!

ሌላው ካስቴል ነው። ያቋቋመው በቢራ የምናውቀው የፈረንሳዩ ካስቴል ነው፤ ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ ላይ የወይን ተክል አስመጥቶ ተከለና እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ። ሁለት ስም አለው። አካሺያ ለስለስ ያለና ዋጋው ቀለል የሚል፣ ሪፍት ቫሊ ደግሞ ጠንከር ያለ። ሪፍት ቫሊን ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ የወይኑን ዝርያ፣ ሜርሎ፣ ሲራ ወይም ካበርኔ ሶቪኞ የሚለውን እዩ፣ ምክንያቱም ሦስቱ ቀይ ከመሆናቸው ሌላ ብዙም አይገናኙም።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ቦሌ አካባቢ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ገባሁ፤ ያምራል፣ ያበራል፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ወይኖቹን ግን የት አድርገዋቸዋል? መስኮቱ ሥር። የጥር ፀሐይ በቀጥታ ይመታቸዋል። ጠርሙሱን ስነካው ለብ ብሏል፣ የጠርሙሱ ወረቀትም በፀሐዩ በኩል ቀለሙ ሄዷል። ልጁን ጠርቼ ስንት ጊዜ እዚህ እንደቆየ ጠየቅሁት። «እህቴ፣ ወይን እኮ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው» አለኝ፣ በፍጹም ቅንነት። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን እነዚህ ወይኖች በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው። ለዓመታት የሚቆየውም ቢሆን የሚቆየው ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ወይን ፍራፍሬው ጠፍቶ የተቀቀለ ነገር ነው የሚሸተው።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሳር ቤት አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ የመጠጥ መሸጫ ወሰደችኝ። ከመንገድ ስታዩዋት አትገቡባትም። ባለቤቷ ግን ቡሽ ያላቸውን ጠርሙሶች በጎናቸው አስተኝቷቸዋል፣ ወይኑ ቡሹን እያራሰ እንዳይደርቅና አየር እንዳያስገባ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ምን ልበላ እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። ዋጋ አይደለም የጠየቀኝ፣ ምግብ! «ክትፎ ከሆነ ሜርሎውን ውሰጂ፣ ቤት ውስጥ ወጥ ከሆነ ግን ለትልልቆቹ ለስለስ ያለውን ያዢላቸው» አለኝ። ምክሩ ትክክል እንደነበር በኋላ እነግራችኋለሁ። ደረሰኝም ሳልጠይቅ ቆረጠልኝ። አሥር ከአሥር።

ሆቴሉን ልለፈው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ስሙን አልጠራም፣ ደረጃው ግን ከፍ ያለ ነው። ሁለት አብሮ አደጎቼን ይዤ ገባሁና ቀይ ወይን በብርጭቆ አዘዝኩ። የመጣው ብርጭቆ ቆንጆ ነበር። ወይኑ ግን ሞቷል። ጠርሙሱ ከተከፈተ ሰንበት ብሏል፤ ጠረኑ ጠፍቶ የቀረው ቆምጠጥ ያለ ነገር ብቻ ነው። አስተናጋጁን በትህትና ነገርኩት። እሱም በትህትና ወሰደው። ሲመልሰው በረዶ ጨምሮበታል! ያንኑ ወይን! ጓደኞቼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፣ እኔም ከእነሱ ብሼ ሳቅሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ሳቁ አለቀ፤ ሜኑው ላይ ካየሁት ዋጋ በላይ አሥር በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በዚያ ላይ ደግሞ አሥራ አምስት በመቶ ቫት፣ ለዚያ በረዶ ለገባበት ብርጭቆ። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፣ ስለዚህ መከራከሪያም የለኝም። ከዚህ በኋላ የማላውቀው ቦታ በብርጭቆ አላዝም። ሦስት ሰው ከሆናችሁ ጠርሙሱን እዘዙና ፊታችሁ ይከፈት። አንድ 75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ገደማ ይወጣዋል፣ አይከብዳችሁም።

ክትፎ ቤቱ ግን አኮራኝ። ቀድሜ ደውዬ ወይን ይዤ ብመጣ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅሁ። «ይቻላል፣ ጠርሙስ ለመክፈት ትንሽ እናስከፍላለን» አሉና ዋጋውን እዚያው ስልክ ላይ ነገሩኝ። ስደርስም የነገሩኝን ነው ያስከፈሉኝ። ብርጭቆው የውኃ ብርጭቆ ነው፣ ምን ችግር አለው። ቡሽ መክፈቻቸው ግን ተሰብሮ አስተናጋጇ ከጎረቤት ሮጣ ተውሳ መጣች፤ እንዲያውም ለዚህ ነው ቲፑን ከፍ ያደረግሁት። ክትፎው ለብ ለብ ነው፣ ቅቤው ከሚጥሚጣው ጋር ጣት ላይ ይፈሳል፣ ጎመኑና አይቡ ከጎኑ። ሜርሎውን ብቻውን ስቀምሰው ምላስ ላይ ትንሽ ይይዛል፣ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው። ከአንድ ጉርሻ ክትፎ በኋላ ግን ያ መያዝ ጠፋ። ሥጋውና ቅቤው ያለሰልሱታል፣ ወይኑ ደግሞ በተራው ቅቤውን ከአፍ ያጥባል፣ ቀጣዩ ጉርሻም እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ቢራ ብቻ የሚጠጣ ጓደኛዬ ሁለተኛ ጠርሙስ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አልነበረም።

ሲራውን በሌላ ቀን ከዝልዝል ጥብስ ጋር ሞክረነዋል። በራሱ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል ነገር አለው፣ ሮዝመሪ የገባበት ጥብስ ላይ ደህና ይሄዳል። ጥሩ ነው፣ ከሜርሎው ግን አላስበልጠውም።

የቤተሰብ ገበታ ሌላ ዓለም ነው። የገና ዕለት ነበር፣ ጾሙ ተፈቷል፣ ዶሮው ከሌሊት ጀምሮ ተሠርቷል። ካበርኔውን ከፍቼ ቀዳሁ። አክስቴ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ኧረ ልጄ፣ ይሄ እኮ ኮምጣጤ ነው! ለዚህ ነው ዶላር ያወጣሽው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን እውነቷን ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ላይ ስኳር የሌለው ጠንካራ ቀይ ወይን ሲመጣ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ መራራነቱም ይጎላል። አጎቴ መድኃኒቱን ያውቃል፤ ምንም ሳይል ተነስቶ ኮካ አመጣና ግማሽ በግማሽ ደባለቀው። እናንተ ከውጭ የመጣችሁ፣ እባካችሁ እዚህ ጋ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ወይንን በኮካ፣ በስፕራይት ወይም በአምቦ ውኃ መቀላቀል አገር የለመደው ነገር ነው። ሰውየው የሚፈልገው ጣፋጭ ነው፣ በራሱ መንገድ አገኘው። «እዚያ እኮ እንደዚህ አይጠጣም» የምትል ዲያስፖራ ከመሆን ይሰውረን።

የሳር ቤቱ ሰውዬ የነገረኝ ትዝ አለኝና ለስለስ ያለውን ቀይ አካሺያ፣ ሚዲየም ስዊት የሚለውን፣ ከፈትኩ። ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ረከቦቱ አጠገብ ካለው መስኮት ላይ አስቀምጬው ስለነበር። አክስቴ አንዴ ቀመሰች፣ ዝም አለች፣ ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ «እስኪ ድገሚኝ» አለች። አጎቴም ኮካውን ተወው። ጣፋጩ በርበሬውን ያበርደዋል፣ ስለዚህ ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ወጥ፣ ለሽሮም ጭምር ይሄንኛውን ነው የምይዘው። ለአያቶች ደግሞ አክሱማይት። ከምግብ ይልቅ ከምግብ በኋላ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከዳቦ ጋር ቢሆን ደስ ይላቸዋል። ጉደርንስ? ጉደር ትዝታ ነው። አንድ ጠርሙስ ገበታው ላይ ቢገኝ ወሬ ያስነሳል፣ የስንቱ ሠርግ ይነሳል፣ የቀረው ይቀራል። ለጣዕሙ ብቻ ብላችሁ ከምትገዙት ሪፍት ቫሊን ብትገዙ ይሻላል፣ ይሄ የእኔ አስተያየት ነው፣ ጉደር ወዳጆች አትቆጡኝ።

ባቱ ድረስ ሄደናል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ወጥታችሁ ሞጆ ላይ ወደ ሐዋሳው ትታጠፋላችሁ፣ መንገዱ ያስተኛል። ሰው ያገናኘን ሹፌር በተባለው ሰዓት መጣ፣ ቀኑን ሙሉ ጠበቀን፣ ሊቀምስ ቀርቶ ብርጭቆ አልነካም። ደጋግመን ብንጋብዘውም «እኔ ነኝ የማደርሳችሁ» አለ። እንዲህ ያለ ሹፌር ካገኛችሁ ስልኩን አትጣሉ።

ወይን እርሻው ዝም ብሎ ተሄዶ የሚገባበት አይደለም፣ አስቀድሞ መደወልና ቀን ማስያዝ ያስፈልጋል። ከ100 ሄክታር በላይ ነው። ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ፍሬው ስኳር እያጠራቀመ ኮምጠጥ ያለውን ጣዕሙንም የማይጥለው ለዚህ ነው። እኔን የገረመኝ ግን በእርሻው ዙሪያ የተቆፈረው ቦይ ነው። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ ነው የተቆፈረው። ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ያለው የወይን ገበሬ በረዶ ይፈራል፣ የእኛው ጉማሬ! ከዚያ ሐይቁ ዳር ዓሳ በላን። የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ዳጣና ሎሚ። ለእሱ ቀይ አያስፈልግም፣ ቀዝቃዛ ነጭ ነው የሚሄደው። አብራን የነበረችው ጓደኛዬ ረቡዕ ስለሆነ ዓሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ከአስተናጋጁ ጋር ጀመረች፣ እስክንነሳ አላለቀም።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ልጨምር። አስተናጋጆቹና ሻጮቹ መማር አይፈልጉም የሚል ካለ ውሸት ነው። ያቺ ከጎረቤት መክፈቻ የተዋሰችው ልጅ ለምን ለክትፎ ሜርሎ እንደመረጥኩ ጠይቃኝ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የሆቴሉም ልጅ ቢሆን በረዶውን የጨመረው ሊያስደስተኝ ብሎ ነው። ቀን ከሌት የሚያሠሯቸው ሰዎች አንድ ከሰዓት ወስደው፣ የተከፈተ ጠርሙስ ላይ ቀን ይጻፍ፣ ቀይ ወይን ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው አይቅረብ፣ በረዶ አይግባበት ብለው ቢነግሯቸው ምን ነበረበት? የአዲስ አበባ ማታ እንደሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሚባለው የቀይ ወይን ሙቀት ያለ ምንም ማሽን ጓዳ ውስጥ ይገኛል።

ይዛችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ፣ በእጅ ሻንጣ አይሆንም፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ፍተሻ ላይ ይቀራል። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። እኔ እያንዳንዱን ጠርሙስ በፌስታል አስሬ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ መሀል ላይ አስቀመጥኩት፣ በርበሬና ሽሮው በሌላ በኩል፤ አንዱ ቢፈስ ሁሉም እንዳይበላሽ። አሜሪካ ስትገቡ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው አንድ ሊትር አልኮል ያለ ቀረጥ ያስገባል። ከዚያ በላይ ከያዛችሁ ተናገሩ፣ ትንሽ ቀረጥ ቢያስከፍሏችሁ ነው። ደለስ አየር ማረፊያ ላይ የጠየቀኝ ሰውዬ የኢትዮጵያ ወይን ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ወይን ታመርታላችሁ እንዴ?» አለኝ። ስለ ጉማሬው ልነግረው ጀመርኩ፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ግን አላስጨረሰኝም።