ከወራት በኋላ፦ በቢትል መኪናዬ ላይ ያስገባሁት የፍሪሲዮን ኬብል

የምነዳው አሮጌ ቢትል ቮልስዋገን ነው። የፍሪሲዮን ኬብሉን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን የሚጎትተውን ሽቦ፣ ከቀየርኩ ወራት አልፈዋል። ያስገባሁት ኦርጂናሉን ሳይሆን ሌላ አምራች የሠራውን ተተኪ ነው። እስካሁን በደንብ እያገለገለኝ ነው። ምስጋናው ግን የኬብሉ ብቻ አይደለም። አብሬው ያስተካከልኳቸው ሁለት ነገሮች ባይኖሩ ኖሮ ይሄም እንደ ድሮው ቶሎ ይሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የድሮው ምልክት መስጠት የጀመረው በኋላ ማርሽ ነው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጬም ማርሹ ሲገባ ይፋጭ ነበር። የቢትል የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስል ክፍል) የለውም። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልለቀቀ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። ቀጥሎ መኪናው ቆሞ አንደኛ ማርሽ ማስገባት እየከበደ መጣ። የኬብሉን ማስተካከያ ዳዶ ሳጠብቀው ይሻለዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሸራው (የፍሪሲዮኑ መያዣ ዲስክ) አልቋል» ብሎ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ለማስወረድ ይሮጣል። ቆም ብሎ ፔዳሉን ማየት ይሻላል። የፍሪሲዮን ሸራ እያለቀ ሲሄድ የፔዳሉ ነጻ እንቅስቃሴ (መክበድ ከመጀመሩ በፊት የሚሄደው) እየቀነሰ ነው የሚመጣው። የእኔ ግን እየጨመረ ነበር። እንዲህ ሲሆን ችግሩ ኬብሉ ላይ ወይም ኬብሉን በያዙት ነገሮች ላይ ነው። አውጥቼ ሳየው በፔዳሉ በኩል ካለው ጫፍ አጠገብ ሽቦዎቹ ተበጣጥሰው ጥቂቶቹ ብቻ ቀርተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቢትል ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የኬብሉ መንገድ ረጅም ነው። ከፔዳሉ መንጠቆ ይነሳና በመኪናው መሀል ውስጥ ለውስጥ በብረት ቱቦ ያልፋል። ከዚያ በካምቢዮው ግራ በኩል ካለው የፍሪሲዮን ክንድ ላይ ይታሰራል። የብረት ቱቦው ካበቃበት እስከ ካምቢዮው ድረስ ኬብሉ የሚያልፈው ቦውደን በሚባል ተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ ነው። ይህን ቱቦ ነው ማንም ዞር ብሎ የማያየው።

ቦውደኑ ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም። ወደ ታች ትንሽ መጉበጥ አለበት፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ መያዣዎቻቸው ላይ ይወዛወዛሉ። ጉብጠቱ ያ መወዛወዝ ኬብሉን እየጎተተ ፍሪሲዮኑን እንዳያስይዝና እንዳያስለቅቅ ያደርጋል። ቱቦው ቀጥ ያለ እንደሆነ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ከልክ በላይ ከጎበጠ ደግሞ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ኬብሉም በሰበቃ ያልቃል። የሚስተካከለው በካምቢዮው በኩል ባለው የቱቦው ጫፍ ላይ ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። ሲጨመር ጉብጠቱ ይጨምራል። የእኔ ቱቦ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። ሮንዴላ ጨምሬ ወደ ልኩ ስመልሰው፣ ለዓመታት የመኪናው ጠባይ ነው ብዬ የተቀበልኩት መንቀጥቀጥ ጠፋ። በዚህ ሁሉ ሥራ በጣም ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ነገር የኤሌክትሪክ ነው፤ ኬብል ሲነሳ ማንም አያስበውም። ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኝ ጠፍጣፋ የማሳ ገመድ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) አለ። እሱ ከዛገ ወይም ከተበጠሰ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲሠራ ያ ሁሉ የኤሌክትሪክ ኃይል ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። የሚያገኘው ደግሞ የፍሪሲዮን ኬብሉንና የነዳጅ ኬብሉን ነው። ኬብሎቹ ይግላሉ፣ ሽቦው ይዳከማል። አዲስ ኬብል በተደጋጋሚ የሚበጠስበት ሰው ኬብሉን ከመውቀሱ በፊት ይህን ገመድ ይመልከት። የእኔ በዝገት ተበልቶ ስለነበር አብሬ ቀየርኩት።

ማስተካከሉ ራሱ ቀላል ነው። የግራውን የኋላ ጎማ ማውለቅ ቦታ ይሰጣል። መኪናው ግን በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ መግባት አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ የግድ ነው። የኬብሉን ጫፍ በፒንሳ ይዞ፣ እንዳይጠመዘዝ እየተጠነቀቁ፣ ባለ ክንፉን ዳዶ ማዞር ነው። ከዚያ ፔዳሉን በእጅ ተጭኖ በማስመሪያ መለካት። መክበድ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነጻ መሄድ አለበት። ከዚህ ካነሰ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ኩሽኔታ ሁልጊዜ እየተነካ ያልቃል፣ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ይጀምራል። በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ነጻ እንቅስቃሴው ከበዛ ደግሞ ማርሹ ይፋጫል፤ ኬብሉም ከፔዳሉ መንጠቆ ሊወልቅ ይችላል። በመጨረሻ የዳዶው ጉብታዎች በክንዱ ጎድጓዳ ቦታ ላይ በትክክል መቀመጣቸው ይታይ። ካልተቀመጡ ዳዶው በራሱ ጊዜ ይላላል።

ዳዶው እስከ መጨረሻው ጠብቆም ፔዳሉ ባዶ ከሆነ፣ ወይ መንጠቆው ተበልቷል፣ ወይ በመሀል ያለው የብረት ቱቦ ብየዳው ለቋል። ያኔ አዲስ ኬብል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አዲሱ ኬብል መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ረግቦ ነበር፤ እንደገና አስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ ልኩን ይዞ ቆይቷል። ፔዳሉ ለስላሳ ነው፣ የሚይዝበት ቦታም አይለዋወጥም። በጠዋትም፣ ሞተሩ በደንብ ሲግልም የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባል።

የማልወድለት ነገር አለ። ዳዶው የሚገባበት ጥርስ ያለው የኬብሉ ጫፍ ከመኪናው ሥር ለጭቃና ለውሃ የተጋለጠ ነው። አምራቹ ግን ለዝገት መከላከያ ብዙም አልተጨነቀበትም። ግራሶ ቀብቼው ነው እስካሁን ንጹሕ የቆየው። ከማስገባቴ በፊት ኬብሉን ሙሉ በሙሉ ግራሶ ቀብቼዋለሁ፤ እንዲሁ ደረቁን ባስገባው ኖሮ ስለ ልስላሴው ይህን ለመጻፍ አልደፍርም ነበር።

ልትገዙ ካሰባችሁ ርዝመቱን አጣሩ። የቢትል ኬብል እንደ መኪናው ሥሪት ዓመት ይለያያል፤ ማሸጊያው ላይ «ለቢትል» መባሉ አይበቃም። የድሮውን ከጎኑ ዘርግታችሁ አስተያዩት። ቦውደኑም ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ አብራችሁ ቀይሩት፤ ጭቃው ወደ ኬብሉ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።