ትከሻዬን አዳኑልኝ፣ ምስጢሬን ግን አልጠበቁልኝም

የሒሳብ መምህር ነኝ። ጅማ ውስጥ ብዙ ዓመት ስላስተማርኩ የትም ብገባ ያስተማርኩት ልጅ ወይም የልጁ እናት አትጠፋም። መርካቶ፣ ባንክ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት። ሐኪም ቤትም እንደዚያው። የታካሚ ምስጢር በእኛ ከተማ ቀላል ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ሐኪም ቤት ሳሎን ውስጥ ተራ እየጠበቀ የሚሰማሽ ሰው የማታውቂው መንገደኛ አይደለም።

አምና ቀኝ ትከሻዬ ደረቀ። ስኳር አለብኝ፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለዚህ ሕመም ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ይቆረጥመኝ ነበር። ቀጥሎ ክንዴ አልነሳም አለ። የጥቁር ሰሌዳው የላይኛው ክፍል ራቀኝ፣ ፀጉሬን ማሰርም አቃተኝ። ሐኪሙ ፊዚዮቴራፒ ሲያዝልኝ መሐል ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። የምጽፈው እንዲያስተካክሉ ነው፤ እናንተም ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

ከሕክምናው ልጀምር፤ ጥሩ ነው። ባለሙያው ወጣት ነው። ልብሴን ከትከሻዬ ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ አስቀድሞ ለምን እንደሆነ ነገረኝ። ነርሷ አብራን እንድትሆን እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ አንሶላም ሰጠኝ። ተለማማጅ ተማሪዎች ሲመጡም ገብተው ይዩ አይዩ ብሎ ከእኔ ፈቃድ ሳያገኝ አላስገባቸውም። ከሰቃ የመጡ እናትን በኦሮምኛ እያጫወተ ሲያክማቸው አይቼ ወድጄዋለሁ። ክንዴ ስንት ዲግሪ እንደሚነሳ የሚለካበት ፕላስቲክ አለው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ከምጠቀምበት ፕሮትራክተር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዘጠና ላይ ቆሞ የነበረው ክንዴ ከመቶ አርባ ሲያልፍ ቁጥሩን እኔው አነበብኩት። ሙቀት ያደርግልኛል፣ ክንዴን ይስባል፣ ቤት የምሠራውን ይሰጠኛል። ግድግዳ ላይ በጣት እየዳሁ መውጣት፣ ፎጣ በጀርባ ይዞ መሳብ። በሕክምናው ቅር ያለኝ ነገር የለም።

የቀጠሮ ደንባቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የአሥር ቀን ሕክምና ሒሳብ በቅድሚያ ይከፈላል። የሚቀር ሰው ከአንድ ቀን በፊት ይደውላል። ካልደወለ የዚያ ቀን ሒሳቡ ይቃጠላል። ሩብ ሰዓት ያረፈደም እንደቀረ ይቆጠራል።

ደንቡን በመርህ እደግፋለሁ። የደረቀ ትከሻ እስኪለቅ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እየዘለሉ ቢመጡ ክንዱ መልሶ ይደርቃል። ባለሙያው አንድ ነው፤ እኔ ስቀር ያ ሰዓት ለማንም ሳይሆን ያልፋል። በፈረቃ ስለማስተምር ደግሞ የተቆረጠ ሰዓት ያለው ክሊኒክ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሦስት ሰዓት ካሉ ሦስት ሰዓት ያስገባሉ። ይህን በሌላ ቦታ አላገኘሁም።

ግን ደንቡ ለቅሶን አያውቅም። እኛ አገር መርዶ ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ አይመጣም። የዕድራችን ሰው ሞተው ጠዋት ስደውል ካርድ የምታወጣው ልጅ «ቲቸር፣ ደንብ ነው» አለችኝ። በኋላ የክሊኒኩ ባለቤት ሰምቶ ቀኑን አዛወረልኝ። አመሰግነዋለሁ። ሆኖም ለእኔ የተደረገው መምህር ስለሆንኩ ከሆነ ልክ አይደለም። ከሰርቦ ለመጣ ገበሬም ሊደረግ ይገባል። ለቅሶና ድንገተኛ ሕመም ሲገጥም በዕለቱ መደወል ይበቃል የሚል አንድ መስመር ወረቀቱ ላይ ቢጨመር የሰው ፊት አይቶ ማድላት ይቀራል።

ሌላው የስልክ መልእክቱ ነው። ለጠዋት ሦስት ሰዓት ተቀጥሬ ስልኬ ላይ 9:00 ተብሎ መጣ። እኔ ገባኝ። አንድ አባት ግን ዘጠኝ ሰዓት መስሏቸው ከአጋሮ ከሰዓት በኋላ ደረሱ፤ ሒሳባቸው ተቃጠለ። ዝናብ እየመታቸው ነበር የመጡት። ይህን ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም። ገንዘባቸው እንዲመለስ እዚያው ተናገርኩ፤ ሌላ ቀን ተሰጣቸው። መልእክቱ ግን እስካሁን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚላከው።

ዋናው ቅሬታዬ ምስጢር ላይ ነው።

አንድ ቀን ሳሎኑ ሙሉ ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ስኳርዎ ዛሬ ስንት ገባ?» አለችኝ። የተማሪዬ እናት ከአግዳሚው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ስኳር እንዳለብኝ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። አሮጊት ናት፣ እንዳትጨነቅ ብዬ። ሳምንቱ ሳያልቅ እናቴ ከሰው ሰምታ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ልጄ ደበቀችኝ ብላ ያዘነችው ኀዘን እስካሁን ያመኛል። እኔ ልነግራት የሚገባኝን፣ በራሴ ጊዜና በራሴ አፍ የምነግራትን፣ ሌላ ሰው ወሰደብኝ።

ጥያቄው ለሕክምናው አስፈላጊ ነው። ቦታው ነው ስሕተቱ። ውስጥ ገብቼ በር ተዘግቶ ብጠየቅ ምን ይጎድል ነበር?

መዝገቡም እንዲሁ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የሕመሙ ዓይነት አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ለመፈረም ጎንበስ ሲሉ ከላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ይነበባሉ። ሕክምና ክፍሎቹን የሚለያቸው መጋረጃ ነው። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። አንዲት ወጣት ከወሊድ በኋላ ስላጋጠማት ችግር ስትናገር ቃል በቃል ሰምቻለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። የእሷ ነገር ነውና።

የቴሌግራሙ ግሩፕ ደግሞ አለ። የእንቅስቃሴ ቪዲዮ እንልካለን ብለው ሳይጠይቁኝ አስገቡኝ። ታካሚው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ብዙም ሳይቆይ ወጌሻ ነኝ የሚል ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፤ ትከሻሽን በሁለት ቀን እመልሰዋለሁ አለ። በግሩፕ ፋንታ ቻናል ቢከፍቱ ቪዲዮው ይደርሰናል፣ እርስ በርስም አንተያይም። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስንገባ የምንፈርመው የፈቃድ ወረቀትም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከሰቃ የመጡት እናት ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲያትሙበት ምን እንደፈቀዱ የነገራቸው አልነበረም።

ይህ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ረዳቶቹንም ይመለከታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። ልጅቷ ይህን የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ እሷን አልወቅስም፤ የቀጠራት ያሠልጥናት።

ባለቤቱን ቁጭ አድርጌ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። መዝገቡ ከዚያ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ልጅቷ ናት የምትሞላው። የስኳር ጥያቄም ውስጥ ሆኗል። ግሩፑ፣ መጋረጃውና የእንግሊዝኛው ወረቀት እንዳሉ ናቸው።

ትከሻ፣ ወገብ ወይም ጉልበት ለያዘው ሰው ክሊኒኩን አሁንም እጠቁማለሁ፤ እኔም ሕክምናዬን እዚያው እጨርሳለሁ። ስትቀጠሩ ሰዓቱ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ አረጋግጡ። ግሩፕ ውስጥ አታስገቡኝ ማለት ትችላላችሁ። በሰው ፊት የማይወራ ነገር ካላችሁ ደግሞ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል በር አለው፤ ስትደውሉ እሱን ጠይቁ።