ፕሌይስቴሽን 5 ወይስ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ? ኮዬ ፈጬ ሆኖ ለሚገዛ

«ይሄ ጌም የፕሌይስቴሽን ብቻ ነው፣ ያኛው የኤክስቦክስ ብቻ ነው።» ሻጮች ከዚህ ነው የሚጀምሩት። «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙው «ብቻ» ቀን የተቆረጠለት ነው። የኮንሶሉ (የጌም ማጫወቻው) ባለቤት ኩባንያ ለጌም ሠሪው ይከፍልና ጌሙ ተፎካካሪው ጋ እንዲዘገይ ያደርጋል። ቀኑ ሲያልፍ ሁለቱም ጋ ይገኛል።

በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ራይዝ ኦፍ ዘ ቱም ሬይደር ኤክስቦክስ ላይ በኖቬምበር 2015 ወጣ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ በኦክቶበር 2016። የጠበቀ ሰው አልተጎዳም፤ ለብቻ ሲሸጡ የነበሩት ተጨማሪ ክፍሎች ተካተውለት ነው ያገኘው። አሁን ደግሞ የኤክስቦክስ ባለቤት የሆነው የማይክሮሶፍት የራሱ ጌሞች ሳይቀሩ እየተሻገሩ ነው። ኢንዲያና ጆንስ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ለመምጣት አራት ወር ብቻ ፈጀበት። ፎርዛ ሆራይዘን 5 ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ2025 መጣ።

ወደ ኤክስቦክስስ? ዴዝሉፕ አንድ ዓመት፣ ፋይናል ፋንታሲ 16 ሁለት ዓመት አስጠብቀዋል። እነ ጎድ ኦፍ ዋር ግን ፒሲ ላይ ቢወጡም ኤክስቦክስ ላይ የሉም። በመጠበቅ የበለጠ የሚጠቀመው ፕሌይስቴሽን የገዛ ነው።

እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ሲዲ ነው። ሲሪስ ኤስ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ሁሉም በኢንተርኔት ይወርዳል፤ ትልልቁ ጌም 100 ጊጋባይት ያልፋል። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ሲዲ የሚያነበው ፕሌይስቴሽን 5 ካላችሁ ከጎረቤት ትዋሳላችሁ፣ ስትጨርሱ ትቀያየራላችሁ ወይ ትሸጣላችሁ። ዲጂታል የሚባለው ፕሌይስቴሽን 5 ግን ሲዲ ማንበቢያው ለብቻው ካልተገዛ አያነብም፣ የመጀመሪያው ዲጂታል ደግሞ ጭራሽ ማንበቢያ አይቀበልም፤ በዋጋው እንዳትሸወዱ። ፎርዛን ለማግኘት ግን ፕሌይስቴሽን ላይም ማውረድ ግድ ነው፤ በሲዲ አልወጣም።

ጌም ቤት ልትከፍቱ ከሆነ ይህን ሁሉ እርሱት። ደንበኛው የሚመጣው ለኳስ ነው። አሁንም ፊፋ የምንለው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሁለቱም ላይ እኩል ይወጣል። የልጆቹ እጅ የለመደው የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ስለሆነ እሱን ግዙ።

ሲሪስ ኤስን የምመክረው ፈጣን ዋይፋይ ላለውና ውጭ አገር በካርድ የሚከፍልለት ዘመድ ላለው ነው። ለእሱ ጌም ፓስ (በየወሩ እየተከፈለ ብዙ ጌም የሚያጫውት የኤክስቦክስ አገልግሎት) ትልቅ ጥቅም አለው። ኢትዮጵያ አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች አካውንቱ በሌላ አገር ይከፈታል። እንዲህ ያለ ዘመድ ከሌላችሁ ኮንሶሉ መርከሱ ብዙም አይጠቅማችሁም።