«ከበቆሎው ቀጥሎ ምን ሊተክሉ ነው?» ብሎ ለጠየቀን ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው በመራዊ ዙሪያ፣ በተለይ በቆጋ መስኖ ክረምት በቆሎ፣ በጋ ሽንኩርት ወይም ድንች ለምታለሙ ነው። የርጭት ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ፤ ላመሰግነውም ልጠቁማችሁም ፈልጌ ነው።

አምና ሰኔ ላይ የአረም ጉልበት ጠፋ። ሁለት ጊዜ አርሞ ለሽልሻሎ (በበቆሎው መስመር መሃል በበሬ ለሚታረሰው) የሚደርስ ሰው አላገኘንም። አባቴ ረጪ ቀጠሩና በቆሎው በተዘራ ማግስት አትራዚንና ኤስ-ሜቶላክሎር የተቀላቀለበት ፀረ-አረም በአምስቱም ቃዳ ላይ ተረጨ (አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው)። ልኩ በሄክታር 3 ሊትር ነው፤ ለአንድ ቃዳ 750 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የእኛ ግን «ይጠንክር» ተብሎ በቆርኪ እየተገመተ ገባ። አረሙ ጠፋ፤ እናቴ በበቆሎው መሃል የምትዘራው ጎመንም አብሮ ጠፋ። በቆሎው ግን አማረ፣ እኛም ደስ አለን።

ጉዱ የመጣው በጥር ነው። በታኅሣሥ የተከልነው የሽንኩርት ችግኝ ጸድቆ ከቆየ በኋላ ከቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ይሆን ጀመር። በሽታ ነው ተባለ። አባቴ ሁለት ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት ገዝተው አስረጩ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ይህ ልጅ የጎረቤታችንን ቲማቲም ሊረጭ መጥቶ ሲያልፍ ማሳችንን አይቶ ቆመ። ቢጫው በየቦታው የተበተነ አልነበረም፤ በመስመር የተዘረጋ ነው፣ ረጪ በሚዞርበት በማሳው ዳር ደግሞ ይብሳል። «አባቴ፣ በክረምት እዚህ ምን ተረጨ?» አላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ሦስት ባዶ ጣሳ አስመጣ። አንዱን ከቢጫው መስመር፣ አንዱን ከደህናው፣ ሦስተኛውን ርጭት ካልነካው ከአጥሩ ሥር አፈር ሞላና ለከብት ከምንዘራው አጃ በሦስቱም ዘራ። ሦስቱም እኩል በቀሉ። እኔ ግምቱ ስህተት ነው አልኩ፤ እሱ ግን «ጠብቁ፤ አትራዚን ዘር እንዳይበቅል አይከለክልም፣ የበቀለው ቅጠል በፀሐይ ምግቡን እንዳያዘጋጅ ነው የሚያግደው» አለን። በሦስተኛው ሳምንት ከቢጫው መስመር በመጣው አፈር ላይ የበቀለው አጃ ከጫፉ ደርቆ ተኛ፤ የአጥሩ ሥር ለምለም እንደሆነ ነው። አባቴ ሁለቱን ጣሳዎች በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ዝም አሉ።

ሽንኩርቱን የጎዳው ከክረምቱ ርጭት አፈር ውስጥ የቀረው አትራዚን ነበር። በቆሎ ይህን ኬሚካል በገዛ አካሉ ውስጥ ስለሚያመክነው አይጎዳም፤ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ ጎመን ያ አቅም የላቸውም። አፈር ውስጥ የቀረውን የሚያፈርሰው እርጥበት፣ ሙቀትና ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ ዝናቡ ሲያቆም መፍረሱም ይዘገያል። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የኖራው ነገር ነው። መሬታችን አሲዳማ ስለሆነ አባቴ ኖራ ጨምረውበት ነበር። አሲዳማ አፈር አትራዚንን ቶሎ ያፈርሰዋል፤ አሲዱ ሲቀንስ ቆይታው ይረዝማል። ኖራ አትጨምሩ ማለቴ አይደለም፣ ለሰብሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን ኖራ በገባበት ማሳ ከልክ ማሳለፍ ይብስ ያስፈራል።

የተጎዳውን መስመር ገልብጠን ለእሸት በቆሎ እንድንዘራበት መከረን። የችግኙን ወጪ በከፊል የመለሰልን ያ እሸት ነው። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አልተቀበለንም።

ዘንድሮ ክረምት ርጭቱን ለእሱ ሰጠነው። ከርጭቱ በፊት ጥያቄው መጣ፦ «ከበቆሎው ቀጥሎ ምን ሊተክሉ ነው?» ሽንኩርት የሚገባበትን ሁለት ቃዳ አልረጭም ብሎ እቅጩን ነገረን፤ የቀኑ ገቢው እንደሚቀንስ እያወቀ። እነዚያን በእጅ አረምን፣ ሽልሻሎም ገባባቸው፤ ድካሙ ቀላል አልነበረም። በቀሩት ሦስት ቃዳ ላይ ግን አረጫጨቱን ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለክቶ ንጹሕ ውሃ ረጨ። በሄክታር 200 ሊትር እንዲደርስ በዚያች ቁራሽ ላይ 2 ሊትር ማለቅ አለበትና እርምጃውን እስኪያስተካክል ሦስት ጊዜ ደጋገመው። መድኃኒቱን በመለኪያ እንጂ በቆርኪ አልነካውም። ማሳው ዳር ደርሶ ሲዞር መርጫውን ይዘጋል። ነፋስ ሲነሳ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የመድኃኒቱን ባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ጨመረው፤ ከቦዩ አጠገብ አልደረሰም። ጓንትና ቦቲውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አላወለቀም።

አሁን ሽንኩርቱ ራስ እየያዘ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረንጓዴ። እናቴም ባልተረጨው በኩል ጎመኗን መልሳ አግኝታለች።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴም መርቀውሃል።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ መጻፍ ስላልፈለግሁ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ። በግንቦት መጨረሻ ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ያዙት። ስትደውሉም በበጋ ምን እንደምትተክሉና ኖራ የገባበት ማሳ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።