ስሟን እንዳልጽፍ ለከለከለችኝ ነርስ

ጤና ይስጥልኝ የጅማ ሰዎች። እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ቅመም የምሸጥ ሴት ነኝ። ይህን ጽሁፍ ከማውጣቴ በፊት የወንድሜ ልጅ አንብቦታል፤ ሁለት ቦታ ላይ ሰርዞብኛል፣ ቀሪውን «ይሁን» ብሎኛል።

የማመሰግናት ይህን ልጅ ከኪኒን ሱስ እንዲላቀቅ የረዳችን፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። «ስሜን ከጻፉ እንጣላለን» ስላለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ።

የወንድሜ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። አባቱ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ለሕመሙ ትራማዶል ታዝዞለት ነበር። የተረፈውን ኪኒን በስኳር ቆርቆሮ አድርጌ ከሻይ ቅጠሉ ጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ገንዘብ የወጣበትን መድኃኒት መጣል አልሆንልሽ አለኝ። ልጁ ያኔ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ ጫት ይቅም ነበር። ለጥናት መቃም በከተማችን ብርቅ አይደለምና አይተን እንዳላየን አለፍነው። ሌሊት ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ከቆርቆሮው አንድ ፍሬ ወሰደ፣ ቆይቶ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተወው። ቆርቆሮው ሲያልቅ ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጥለት መድኃኒት ቤት አገኘ። የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቱ ካነበበው ግን ራሱን ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ወድቆ ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤት ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ያዘለት። እናቱ የሚጥል በሽታ ነው ብላ ጸበል ወሰደችው፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ጸበሉን አልነቅፍም፣ ዛሬም እንሄዳለን። ነገር ግን እዚያ በሰነበትንበት ጊዜ ልጁ ያለማቋረጥ ያዛጋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሌሊቱን እግሩን ሲያወራጭ ያድራል። «መንፈሱ ሊለቀው ነው» ሲሉን አመንን። ሐራራ መሆኑን ማን ይንገረን?

ወደ ሆስፒታሉ የሄድኩት ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነው። ገበያ የሚያውቀኝ ሰው «የእብድ ክፍል» በር ላይ ቢያየኝ ምን ይላል ብዬ። አግዳሚው ላይ ከቦንጋ ልጃቸውን ይዘው የመጡ ሽማግሌ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ተቀምጠው ነበር፤ ያን ጊዜ ትንሽ አፈርኩ።

ሲስተር ስለ መንፈስም ስለ ዘርም አልጠየቀችኝም። «እትዬ፣ ቤት ውስጥ ባዶ የኪኒን ልጣጭ አግኝተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አግኝቻለሁ እንጂ! ከፍራሹ ሥር አሥራ አንድ ልጣጭ አውጥቼ የራስ ምታት መድኃኒት መስሎኝ ቡና ሳፈላ ከሰሉ ላይ ጥዬዋለሁ። ሽታው ቤቱን ሞልቶት ስለነበር አልረሳውም። ትራማዶል ሲበዛ ሰውን እንደዚያ ሊያንዘፈዝፍ እንደሚችል፣ የለመደውም ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ማዛጋቱና ላቡ እንደሚመጣ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስበትን መንገድ አወጣለት። መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ይደርብበት እንደሆነም ደጋግመው ጠየቁት፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽ እስከማቆም ያደርሳሉ።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ከልጁ ይልቅ ከእኔ ጋር ብዙ ደከመች። ኪሱን እፈትሽ ነበር፣ አፉን አሸት ነበር፣ ስልኩን እደብቅ ነበር። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ስነግራት ሰማችኝና «እትዬ፣ እርስዎ ፖሊስ ሆነው እኔ ላድነው አልችልም» አለችኝ። የታዘዘለትን ኪኒን እናቱ ቆልፋ እንድትይዝና በየቀኑ በእጇ እንድትሰጠው፣ ለታክሲ የሚበቃውን ያህል ብቻ ቆጥረን እንድንሰጠው፣ «ሐራራ ያዘኝ» ሲል ሳንጮህበት አብረነው እንድንወጣ ነገረችን። ወጣን። በአዌቱ ዳር ስንት ምሽት እንደተመላለስን! አንድ እሑድ ጅረን ድረስ በእግራችን ወጥተን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ተቀመጥን። እዚያ የነገረኝን ጽፌው ነበር፤ ከሰረዛቸው ሁለቱ አንዱ እሱ ነው።

በሦስተኛው ወር ተመልሶ ወሰደ። ደውዬ «በከንቱ ደክመሻል» አልኳት። አልደነገጠችም። ምን ቀን ነበር፣ ከማን ጋር ነበር፣ ገንዘቡን ከየት አመጣው ብላ ጠየቀች። ለካ ነገሩ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ትኩስ ጫት ይዘው ሲቀመጡ ነው። እሱ ከመቃሚያው ሳይነሳ ከኪኒኑ ብቻ ሊላቀቅ ይታገል ኖሯል። አሁን ስምንት ሰዓት ሲሆን ሱቄ መጥቶ ኮረሪማ ይፈለፍላል። ጥፍሩ ቢጫ ሆኗል፣ ያማርራል፣ ነገር ግን ይመጣል። ድኗል ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ ካቆመ አራት ወሩ ነው።

ማር ይዤላት ብሄድ አልቀበልም ብላ መለሰችኝ። በሌላ ቀን አንድ እፍኝ ኮረሪማ በወረቀት ጠቅልዬ ሳቀርብላት ግን «ማን ፈለፈለው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ከጋውኗ ኪስ ከተተችው።

እንደ እኛ በኪኒን ሱስ የተያዘ ሰው ቤት ውስጥ ይዛችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ ወደዚያ ክፍል ሂዱ። ካርድ ለማውጣት በጠዋት ድረሱ። «አስረን እናድንላችኋለን» ብሎ ብዙ ብር የሚጠይቅ ሰው እኛም ጋ መጥቶ ነበርና ተጠንቀቁ። ባዶ ልጣጭ ካገኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ከሰል ላይ ባልጥለው ኖሮ ሐኪሙ ልጁ ስንት ሲወስድ እንደኖረ ለማወቅ ያን ያህል ባልተቸገረ ነበር።