ደብዳቤው በኢሜይል፣ ገንዘቡ በፖስታ

የምገመግመው የኢሜይል ደብዳቤ ማሰራጫ አገልግሎት ነው፤ ጸሐፊ ጽሑፉን የሚልክበት፣ አንባቢ በኢሜይል አድራሻው የሚመዘገብበት፣ የፈለገም በየወሩ የሚከፍልበት። ስሙን አልጠራም። እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች ዛሬ ብዙ ናቸው፣ አሠራራቸውም ተቀራራቢ ነው፤ የእኔን ለይቼ ባማርረው አድልዎ ይሆንብኛል።

ከተመዘገብኩ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው እንከባከባለሁ፤ ዓርብ ሌሊት ደግሞ ስለ ድሮ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች በአማርኛ እጽፋለሁ። አባቴ የተወልኝ ሁለት ካርቶን ሙሉ ባለ 45 ዙር ሸክላ አለኝ፤ አብዛኛው አምሐ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ካሳተማቸው ነው። ስጀምር ያሰብኩት በዓመቱ መጨረሻ ከሥራዬ ሁለት ቀን ቀንሼ በጽሑፍ ለመተዳደር ነበር።

መልካሙን ላስቀድም። ፊደላችንን አያበላሽም፤ የመጀመሪያው ሌሊት የላክሁት ደብዳቤ ስልኬ ላይ አንድ ነጥብ ሳይዛነፍ ደረሰኝ። ከሁሉ የምወድለት የአንባቢዎቼ ዝርዝር የራሴ መሆኑን ነው፤ ነገ ልልቀቅ ብል አድራሻዎቹን በሙሉ አውርጄ መሄድ እችላለሁ። ቁልፎቹ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። አንዲት እናት አንድ ጊዜ ለመመዝገብ ብለው ራሳቸውን ሦስት ጊዜ ሰርዘዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ወርሃዊ ክፍያዬን 5 ዶላር አደረግሁ። ከዚያ ላይ አገልግሎቱ 10 በመቶ፣ ማለትም 50 ሳንቲም ይወስዳል። የካርድ ክፍያውን የሚያስተናግደው ድርጅት ደግሞ 2.9 በመቶና በእያንዳንዱ ክፍያ 30 ሳንቲም ያነሣል። ለእኔ 4 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ይተርፈኛል። የምትጎዳው ያቺ 30 ሳንቲም ናት፤ በየወሩ ስትመላለስ በዓመት 3 ዶላር ከ60 ትሆናለች፣ ዓመቱን በአንድ ጊዜ የሚከፍል ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይቆረጥበታል። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ለምትጀምሩ ሁሉ ምክሬ፣ አንባቢያችሁን ከመጀመሪያው ቀን ወደ ዓመታዊው ክፍያ አግባቡት።

ዛሬ 612 ተመዝጋቢ አለኝ፤ ከእነዚህ በካርድ የሚከፍሉት 31 ናቸው። በወር ወደ 125 ዶላር እጄ ይገባል። አንድ ደብዳቤ 11 ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ሸክላውን ማጽዳት፣ ደጋግሞ ማዳመጥ፣ ሳክስፎኑን የነፋው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በስልክ ማፈላለግ። በወር አራት ደብዳቤ ስለምልክ የሰዓቴ ዋጋ ሦስት ዶላር አይሞላም፤ ሜሪላንድ ደግሞ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር አድርጋለች። ግብሩም አለ፤ ራሱን ቀጥሮ የሚሠራ ሰው የተጣራ ገቢው በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ 15.3 በመቶ የሚሰላበት ሌላ ግብር ይመጣበታል። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ «ታዲያ ሸክላው ነው አንቺን የሚያጫውትሽ?» አለኝ።

አገልግሎቱ ደብዳቤዎች እርስ በርስ እንዲጠቋቆሙ የሚያደርግበት ዘዴ አለው። በዚህ መንገድ በሁለት ወር ወደ ሁለት መቶ አዲስ አንባቢ መጣልኝ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በኋላ ሳጣራ ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም። አንዱ ከስዊድን «ምንም አልገባኝም፣ ፊደሉ ግን ያምራል» ብሎ ጻፈልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ አልከፈለም እንጂ ሌሎቹ የማይሉኝን ብሎኛል።

ከፋይ ያመጣልኝ አንድ ደብዳቤ ነው፤ እርሱንም በነጻ ነበር የላክሁት። ስለ ኃይሉ መርጊያ ጽፌ ነበር። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ የቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን ካሴት የቀዳው፣ ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ የነዳው ሰው። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ እንደገና የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ። ደብዳቤው በወጣ ሳምንት 11 ሰው ከፈለ። እዚህ አካባቢ ታክሲ ያልነዳ ወይም የነጂ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ስንት ነው?

አገልግሎቱ ያልተሠራለት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠርተው «ልጄ፣ የካርድ ቁጥሬን ለኢንተርኔት አልሰጥም» አሉና ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። ውስጡ ሦስት ሃያ ዶላር፣ በላዩ በእጅ ጽሑፍ «ለዘፈኑ ጽሑፍ፣ የዓመት» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ሰዎች አምስት ሆነዋል። ያ የክፍያ ቁልፍ የተሠራው ለማይተዋወቁ ሰዎች ነው፤ የእኔ አንባቢ ግን ማን እንደምሆን፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠይቆ ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አያወጣም። ደግነቱ አገልግሎቱ ለፈለግሁት ሰው በነጻ ሙሉ ምዝገባ እንድሰጥ ይፈቅድልኛል፤ ስለዚህ የአምስቱን በር ራሴ እከፍታለሁ።

አዲስ አበባ ያሉትን አላስከፍልም። የወንድሜ ልጅ «በቴሌብር እንሰብስብልሽ» ብሎኝ ነበር፤ አገልግሎቱ ቴሌብርን አያውቅም። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 5 ዶላሬ ከ285 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ500 በላይ ሆነ። ለአንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ጠይቄ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ሦስቱም ለአደራረሱ ናቸው። የእንክብካቤ ሥራዬን አንድ ቀን እንኳ አልቀነስሁም፣ ዓርብ ሌሊትንም አልተውሁም። ፖስታ የሚሰጡኝ አምስቱ ሰዎች ደግሞ ስልክ ላይ ማንበብ ስለሚከብዳቸው ፊደሉን አተልቄ በወረቀት አትምላቸዋለሁ። ባለፈው ወር ለማተሚያው ቀለም 34 ዶላር አወጣሁ፤ አገልግሎቱ ከቆረጠብኝ ከእጥፍ በላይ ነው።