የጀልባ ነፋስ ጄኔሬተር ንዝረት፦ ጎማ ይሻላል ወይስ ክንፎቹን ማመጣጠን?

በካሪቢያን መልሕቅ ጥለው የሚያድሩ የሸራ ጀልባዎች ነፋስ አያጡም። ከኋላ በምሰሶ የቆመው ጄኔሬተር ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይሞላል፤ ግን ንዝረቱ በምሰሶው ወርዶ ጀልባዋን እንደ ከበሮ ያስጮኻትና ታች የተኛውን ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጎማ ነው። ከምሰሶው እግር ሥር ወፍራም ጎማ ማንጠፍ ርካሽ ነው፣ በጄኔሬተሩ ውስጥ ያሉት ማግኔቶች የሚያወጡትን ቀጭን ጩኸትም በደንብ ያፍነዋል። ግን ብሎኑ ብረትን ከብረት ካገናኘ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ እሱም የራሱ የጎማ ቱቦና የጎማ ዋሸር ይፈልጋል። ጎማው በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ምሰሶው ይወዛወዛል፣ ያ ከጩኸቱ የባሰ ነው።

ማመጣጠን ግን ችግሩን ከሥሩ ነው የሚነቅለው። አንዱ ክንፍ ትንሽ ከከበደ የሚፈጥረው ኃይል፣ የመሽከርከር ፍጥነቱ 2 እጥፍ ሲሆን 4 እጥፍ ይሆናል፤ በቀላል ነፋስ ጸጥ ያለው ማሽን በኃይለኛው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን አቁሙና ክንፉን በገመድ እሰሩት፣ በዚህ ቀልድ የለም። ጨውና የወፍ ኩስ እጠቡ፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። ከዚያ ክንፎቹን ፈትታችሁ በወጥ ቤት ሚዛን አንድ በአንድ መዝኑ። ክብደታቸው እኩል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ጣት ላይ ሲቀመጥ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ቦታም አንድ መሆን አለበት። የተሰነጠቀ ካገኛችሁ ሁሉንም በአንድ ላይ ቀይሩ።

እኔ ማመጣጠኑን አስቀድማለሁ። ጎማ ድምፁን ቢያፍነውም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ መበላቱን አያስቆምም።